ምንም ያልከፈሉት የት ገቡ?

አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የጠየቁኝ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። እትዬ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ጥያቄያቸው ግን ዳታቤዝ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ከቀረቡልኝ ሁሉ የበለጠ አሳስቦኛል። የታተመውን የስም ዝርዝር በጣታቸው እየነኩ እንዲህ አሉኝ፦ «ትንሽ ትንሽ የከፈሉት እዚህ አሉ። ምንም ያልከፈሉትስ የት ገቡ?»

ነገሩ የሆነው እዚሁ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን ነው። የእድሩ መዝገብ ለብዙ ዓመታት ትልቅ ደብተር ነበር። ከዚያ አንድ የሰፈር ልጅ አክሰስ በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ሠራላቸው። ደህና አድርጎ ነው የሠራው። አባላት በአንድ ሰንጠረዥ፣ ክፍያ በሌላ ሰንጠረዥ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ የአባል ቁጥር። ልጁ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ፋይሉ ጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ ቀረ፤ ክፍያ በመጣ ቁጥር ይመዘገብበታል።

ዘንድሮ ኮሚቴው አንድ የሚያኮራ ውሳኔ ወሰነ። ውዝፍ ያለበት አባል የቅጣት ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ሰው ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው ተባለ። ታሞ ይሆናል። ከሥራ ወጥቶ ይሆናል። ቤቱ ችግር ገብቶ ይሆናል። ኑሮ እንዴት እንደከበደ ሁሉም ያውቀዋል። እድር ደግሞ ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም።

ጸሐፊያችን ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፋይሉን ከፍተው «ውዝፍ ያለባቸው» የተባለውን ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚቀርበውን የተዘጋጀ ጥያቄ፣ ሁለቴ ጠቅ አደረጉ። ዝርዝሩ መጣ፤ አተሙት። ስብሰባ ላይ ሲነበብ እትዬ ዝም ብለው ሰሙ። ሲያበቃ የአንዲት እናት ስም አነሱ። እኚህ ሴት ዓመቱን ሙሉ ምንም አልከፈሉም፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የሉም። ቀጥለው ሌላ ሰው ጠሩ። እሱም የለም። «ኮምፒውተሩ ሰው ጥሏል» ተባለ። ማታውኑ ተደወለልኝ።

ፋይሉን ስከፍት

መጀመሪያ የአባላትን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። እናትየዋ አሉ። ቁጥራቸው፣ ስልካቸው፣ ቀጠናቸው ሁሉ በቦታው ነው። ቀጥሎ የክፍያውን ሰንጠረዥ ከፍቼ በቁጥራቸው አጣራሁ። የዘንድሮ አንድም መስመር የለም። ይህም ልክ ነው፤ አልከፈሉማ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የጣለው መረጃ የለም። ጉዳዩ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው።

አክሰስ አንድን ኩዌሪ በሁለት መልክ ያሳያል። አንደኛው በሥዕል ነው፤ ሰንጠረዦቹ እንደ ሳጥን ተቀምጠው በመስመር ይያያዛሉ፣ ከሥር የሚፈለጉት ዓምዶች ይደረደራሉ። ሁለተኛው ኤስኪውኤል ቪው የሚባለው ነው፤ ኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ ነው። እዚያ የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሥዕሉ ለመጀመር ያመቻል፤ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ለማወቅ ግን ጽሑፉን ማንበብን የሚያህል የለም።

ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ከአባላትና ከክፍያ ሰንጠረዦች የአባል ቁጥራቸው የሚገጥመውን መስመሮች አምጣ። ከእነሱ ውስጥ ዓመቱ 2017 የሆነውን ብቻ ያዝ። በአባል ሰብስብ። የተከፈለባቸው ወራት ከ6 በታች የሆኑትን አሳይ።

«ትክክል ነው እኮ» አሉ ጋሼ። «ምኑ ጎደለ?»

እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው። ኩዌሪውን ቀይዋን የቃለ አጋኖ ምልክት ተጭነህ ብታስኬደው ያለ ምንም ቅሬታ ይሄዳል። ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም። የሚመጡት ስሞችም በሙሉ ውዝፍ ያለባቸው ናቸው፤ አንድም ሰው በሐሰት አልተከሰሰም። ከሥር የመስመሮቹ ብዛት ይታያል። ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል።

ቁም ነገሩ «የሚገጥመውን» የምትለው ላይ ነው። ኢነር ጆይን የሚባለው ማያያዣ ሥራው ይኸው ነው። በሁለቱም ሰንጠረዥ ውስጥ ጥንድ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። እናትየዋ አባላት ውስጥ አሉ፤ ክፍያ ውስጥ ግን የሚገጥማቸው መስመር የለም። ስለዚህ ገና ከበሩ ቀሩ። የወራት ቆጠራው የሚጀምረው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ከ6 በታች ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ዜሮ ያላቸው ሰዎች ክፍሉ ውስጥ የሉም። የሚቆጠረው ከ1 ጀምሮ ነው።

ይህን ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሠርቼ አሳየኋቸው። በግራ አባላት፣ በቀኝ ክፍያ፣ በመሀል መስመር። መስመር የሌለውን ስም በእርሳስ ሰረዝኩት። ጋሼ ወረቀቱን ጎትተው ራሳቸው ደገሙት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ብቻ እያየሁ ማን ቀረ ብዬ እንደመጠየቅ ነው» አሉ። «የቀረ ተማሪ የሚታወቀው ከስም መጥሪያው ሲጠራ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም። ቀጥለው ያሉት ግን ነው ያልለቀቀኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው የባሰባቸውን ነው የዘለልናቸው» አሉ።

በጣም የቸገረው ሰው

እስቲ ይህን ቀስ ብለን እንየው። ውሳኔው ቤት ለቤት ሄዶ ለመጠየቅ ነው። ሦስት ወር ከፍሎ ሦስት ወር ያቆመ ሰው ተጠየቀ። አንድ ወር ብቻ የከፈለም ተጠየቀ። ችግሩ ዓመቱ ሳይጀምር የገባበት፣ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ብር ማውጣት ያልቻለ ሰው ግን አልተጠየቀም። ዝርዝሩ ችግር እየባሰ በሄደ ቁጥር ወደ ላይ የሚያወጣ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሰውየውን ይጥለዋል። ማንም ክፉ አላሰበም። የሠራው ልጅ አላሰበም፣ ኮሚቴው አላሰበም፣ አክሰስም የተባለውን ነው ያደረገው።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። እትዬ ጉድለቱን ያዩት ኤስኪውኤል ስለሚያውቁ አይደለም። ሰዎቹን ስለሚያውቁ ነው። ገንዘቡን በእጃቸው ይቀበላሉ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ልባቸው ውስጥ አለ። ዝርዝሩ ሲነበብ የሰሙት የተጠሩትን ብቻ አልነበረም። ሳይጠሩ የታለፉትንም ሰምተዋል። እኔ ይህን ችሎታ ለመሥሪያ ቤታችን አዲስ ልጆች ሳስተምር የማስቀድመው ነገር ሆኗል። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የምታውቀውን አንድ ሰው ፈልግ። ካጣኸው አትለፍ።

መሥሪያ ቤትም ያው ነገር አለ። ከየቀበሌው ወርሃዊ ሪፖርት ይመጣል። «ሪፖርት ያጓደሉ» ተብሎ ዝርዝር ሲወጣ ሁለት ወር ያጓደለው ይጠራል፣ ይወቀሳል። ጭራሽ ልኮ የማያውቀው ቀበሌ በሰላም ይቀመጣል። ትምህርት ቤት ብትሄድ፣ ክትባት ብትል፣ ብድርና ቁጠባ ብትል ያው ነው። በሁለት ሰንጠረዥ መካከል «የሚገጥመውን አምጣ» በተባለበት ቦታ ሁሉ የሆነ ሰው ከመሀል ወድቋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ሲፈጠርስ ለማን ታሰበ?

የዚህ ሁሉ መነሻ ኤድጋር ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ አይቢኤም ውስጥ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፉ መረጃ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ ተጠቃሚው የት ቦታና እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ አይጠበቅበትም አለ። በ1974 ደግሞ የሥራ ባልደረቦቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ቋንቋ የመጀመሪያ ቅርጽ አሳተሙ። ያን ጊዜ ስሙ ሲኩዌል ነበር።

እኔን ደስ የሚለኝ ለማን እንዳሰቡት ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ላልሆነ ሰው ብለው ነው የጻፉት፤ ምሳሌ ያደረጓቸውም የሒሳብ ሠራተኞች፣ መሐንዲሶች፣ አርክቴክቶችና የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ናቸው። የእኛ ጋሼ ከዚህ ዝርዝር ሩቅ አይደሉም። ቋንቋው «እንዴት ልፈልግ» አይልህም፤ «ምን ትፈልጋለህ» ብቻ ይልሃል። የፈለግከውን ትናገራለህ፣ ፍለጋውን እሱ ይወጣዋል።

ክብደቱ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። የተናገርከው ነው የሚደረገው። ያሰብከው ግን ያልተናገርከው ነገር አይሰማም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው። ጋሼ በልባቸው «ውዝፍ ያለበት ሁሉ» ነበር የፈለጉት። ኩዌሪው ላይ የተጻፈው «ከከፈሉት መካከል ያጓደለ» ነው።

ስለቀሩት መጠየቅ በቋንቋው ታሪክ ውስጥም ዘግይቶ ነው የተመቻቸው። ኤስኪውኤል የመጀመሪያውን መስፈርት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ጥንድ የሌለውንም መስመር የሚያመጣው ሌፍት ጆይን የሚለው አጻጻፍ ግን መስፈርቱ ውስጥ የገባው በ1992ቱ እትም ነው። ከዚያ በፊት ኖት ኤግዚስትስ («የሌለ») በሚለው በኩል ዞሮ መሄድ ይቻል ነበር፤ ግን መንገዱ ጠማማ ነው። የሚገርመው አክሰስ ራሱ ገበያ የወጣው በዚያው በ1992 መጨረሻ ላይ ነው።

የቀሩትን የሚጠራ ጥያቄ

እንግዲህ ማስተካከያውን ልንገራችሁ፤ ተመሳሳይ ፋይል ያለው ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

በሥዕሉ መልክ ላይ ሁለቱን ሳጥኖች የሚያገናኘውን መስመር ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉ ሦስት ምርጫ ይመጣል። የመጀመሪያው የሚገጥሙትን ብቻ የሚለው ነው። ሁለተኛውን ስትመርጡ ከአባላት ሁሉም፣ ከክፍያ ደግሞ የሚገጥመው ካለ ይመጣል። መስመሩ ወደ ክፍያው የሚያመለክት ቀስት ያበቅላል። ኤስኪውኤሉን ብትከፍቱ ኢነር የነበረው ሌፍት ሆኗል። ለውጡ ይህችው አንድ ቃል ናት።

ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆምና «ሌፍት ጆይን አልሠራልኝም» ይላል። ምክንያቱ ዓመቱን የሚያጣራው፣ ዌር የሚባለው የኩዌሪው ክፍል ነው። ክፍያ የሌለው አባል በሌፍት ጆይን ሲያልፍ የክፍያው ዓምዶች ባዶ ይሆናሉ። ይህ ባዶ ነል ይባላል። ነል ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም፤ «አይታወቅም» ማለት ነው። ቀጥሎ ዌር መጥቶ «ዓመቱ 2017 ነው ወይ?» ሲል ነል «አዎ» አይልም። ስለዚህ በፊት በር ያስገባናቸውን ሰዎች በጓሮ በር እናስወጣቸዋለን። ዝርዝሩ ተመልሶ ያው የድሮው ይሆናል።

መድኃኒቱ ማጣራቱን ማስቀደም ነው። መጀመሪያ የክፍያ ሰንጠረዥ ብቻ ላይ ዓመቱን የሚያጣራ ትንሽ ኩዌሪ ጻፍኩ። «የዘንድሮ ክፍያ» ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ አባላትን ከእሱ ጋር በሌፍት ጆይን አያያዝኩ። አሁን የሚያባርር ዌር የለም።

ቆጠራው ላይም ወጥመድ አለ። ካውንት በሚባለው መቁጠሪያ ውስጥ ኮከብ (*) ካስገባችሁ የሚቆጠረው መስመር ነው። ምንም ያልከፈለ አባልም በሌፍት ጆይን አንድ መስመር ስላለው 1 ሆኖ ይመጣል፤ አንድ ወር የከፈለ ይመስላል። ካውንት ውስጥ «ወር» የሚለውን ዓምድ ካስገባችሁ ግን ነል አይቆጠርም። 0 ይመጣል። በአንዲት ኮከብ ምክንያት የሰው ዓመት ሙሉ ችግር አንድ ወር ተከፍሎለት ሊታይ ይችላል። ብሩን መደመር ከፈለጋችሁም ሰም የሚባለው መደመሪያ ምንም ላልከፈለ ሰው የሚመልሰው ነል ነው፤ አክሰስ ላይ ኤንዜድ በሚባለው ፈንክሽን ወደ ዜሮ ትቀይሩታላችሁ።

ኖት ኢን («ውስጥ የሌለ») የሚለውን ለምን አልተጠቀምክም የሚለኝ ይኖራል። «ቁጥራቸው ክፍያ ውስጥ የሌለ አባላትን አምጣ» ማለት ይቻላል፤ ሲነበብም ያምራል። ነገር ግን ክፍያ ሰንጠረዥ ውስጥ የአባል ቁጥሩ ሳይጻፍ የታለፈ አንድ መስመር ብቻ ካለ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ያ ያልታወቀ ቁጥር የማንም ሊሆን ስለሚችል ስለ አንድም ሰው «የለም» ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም። እና ኮሚቴው ፊት «ያልከፈለ ሰው የለም» የሚል ንጹሕ ወረቀት ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ወረቀት እፈራዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንዴ ከታተመ ማን ይከራከረዋል?

በነገራችን ላይ አክሰስ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሠራ ዊዛርድ፣ ማለትም ደረጃ በደረጃ እየጠየቀ ኩዌሪ የሚሠራ መሣሪያ፣ አለ። ኩዌሪ ዊዛርድ የሚለውን ስትጫኑ ከሚመጡት ውስጥ ጥንድ የሌላቸውን መስመሮች የሚፈልገው ነው። ጥያቄው ብዙ ሰው ዘንድ ባይኖር ሠሪዎቹ ያን ያህል አይደክሙበትም ነበር።

ዝርዝሩ ሲረዝም

አዲሱ ዝርዝር ሲመጣ ጋሼና እኔ ዝም አልን። ከድሮው በጣም ረዝሟል። ከላይ 0 ያላቸው ተደርድረዋል። እትዬ የጠቀሷቸው እናት አሉ።

ደስታዬ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። ከስሞቹ አንዱን ጋሼ አወቁት። «ይሄ ሰው በየወሩ ነው የሚከፍለው፤ ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ከፍሏል» አሉ። ስንፈልግ ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ተገኘ። አንዱ ላይ ስሙ ኃይሉ ነው፣ ሌላው ላይ ሀይሉ። ያኔ የመዘገበው ሰው በአንዱ ፊደል ፈልጎ ሲያጣው አዲስ ቁጥር ሰጥቶታል። ክፍያው ሁሉ በአንዱ ቁጥር ይገባል፤ ሌላው ቁጥር ባዶውን ተቀምጧል።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የየራሳቸው የዩኒኮድ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚያው። ከተማችንንም አልማረም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ኤስኪውላይት በሚባል ሌላ ዳታቤዝ ፋይል ላይ አድራሻን በከተማ ስሰበስብ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ እና አዋሳ ሦስት ከተማ ሆነው መጡ። የሦስቱም ሰዎች የሚኖሩት አንድ ሐይቅ ዳር ነው። እኔ የማደርገው ስሙን ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደል እንዳለ ትቼ አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ መጨመር ነው። እዚያ ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ኃና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ ይቀየራሉ። የሰውን ስም ለማሽን ብሎ መቀየር ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ዝርዝሩን እንዲህ ከፈልነው። ሁለቴ የተመዘገቡ፣ ከሰፈር የለቀቁ፣ ያረፉና ማንም ያልሰረዛቸው፣ በእርግጥ ያልከፈሉ። ይህን ኩዌሪ አይለየውም። እትዬ ናቸው የለዩት፤ አንድ በአንድ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ። የቀሩትን የሚያወጣ ዝርዝር ጥፋተኛ የሚያወጣ አይደለም። ሄዳችሁ ጠይቁ የሚል ብቻ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያም የወሰነው ይኸንኑ ነበርና ደስ አለኝ።

ልጁ ደግሞ አንድ ነገር በጣም አሳምሯል፤ ሳላመሰግነው አላልፍም። ክፍያን በቀን ዓምድ አላስቀመጠም። ዓመትና ወርን ለየብቻ በቁጥር ነው ያስቀመጠው፣ ወሩ ከ1 እስከ 13። የአክሰስ የቀን ዓምድ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ የጻፍከውን በፈረንጆቹ ነው የሚያነበው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለህ ብትጽፍ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው አይቀበልም። ጳጉሜ 3ን 3/13/2017 ብለህ ብትጽፍ ደግሞ ይባስ፤ ቀንና ወሩን ገልብጦ ማርች 13 ያደርገውና ምንም ሳይል ያልፋል። እኔ ይህን የማያውቁ ትልልቅ ፋይሎች አይቻለሁ።

ኮሚቴው እናትየዋ ቤት ሄደ። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ከጋሼ ነው። ባለቤታቸው ተኝተው ነው የሚታመሙት፤ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ። ባዶ እጄን እንዴት እመጣለሁ ብለው ነው የቀሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ እሳቸው ግን የደበቁ አይመስለኝም። ጎረቤት ያውቅ ነበር። እድሩ ነው ያልጠየቀው። ኮሚቴው ምን እንዳደረገላቸው የቤተሰቡ ጉዳይ ነውና አልጽፈውም።

አባላት ውስጥ የሌሉት

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ሌፍት ጆይን የሚጀምረው ከአባላት ሰንጠረዥ ነው። በግራ በኩል የተጻፈውን ሁሉ ይጠራል። በግራ ያልተጻፈውንስ? ክፍያ ሰንጠረዥ ውስጥም፣ አባላት ሰንጠረዥ ውስጥም የሌለ ሰው አለ። እሱን የሚያወጣ ጆይን አልተሠራም። ሊሠራም አይችልም፤ ዳታቤዝ የሚያውቀው አንድ ሰው የሆነ ቦታ የጻፈውን ብቻ ነው።

ሰፈራችን ተቀይሯል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ሰርቪስ ቤቶቹን ተከራይተው ሁለት ሦስት ሆነው ይኖራሉ። ሌሊት ፈረቃ ወጥተው ጠዋት ሲመለሱ ጎዳናው ላይ እናገኛቸዋለን። ቢታመሙ፣ ሐዘን ቢመጣባቸው ማን ይደርስላቸዋል? የእድሩ ደንብ የተጻፈው ለባለ ቤት ነው። እነሱ አባል ሁኑ ተብለው አልተጠየቁም፣ እንዲወጡም አልተደረገም። በቃ የትም አልተጻፉም። የእኛ እድር ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከአማራ፣ ከሁሉም የመጣ ሰው ያሰባሰበ ነው፤ ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹ አባላትም እንግዶች ነበሩ። ይህን ጋሼ ናቸው ያስታወሱኝ።

ስለዚህ ሦስተኛ ሰንጠረዥ ጀምረናል፤ ስሙ «ቤቶች» ነው። አንድ መስመር ለአንድ በር፣ ሰርቪሱም ለብቻው። ከግራ ቤቶች፣ ከቀኝ አባላት፣ በመሀል ሌፍት ጆይን፣ መጨረሻ ላይ የአባል ቁጥሩ ኢዝ ነል፣ ማለትም ባዶ፣ የሆነ። ጽሑፉ አጭር ነው። መረጃውን የሚሰበስቡት ግን እትዬና ሁለት የሰፈር ልጆች በእግራቸው ናቸው፤ የተከራይ ስም የሚጻፈው ራሷ ከፈቀደች ብቻ ነው ብለናል። የመጀመሪያው መንገድ ተጠናቆ ገብቷል። ከአባል ቁጥር አጠገብ ባዶ የሆኑት በሮች ካሰብነው በላይ ናቸው። ወርሃዊው መዋጮ ለተከራይ ይቀነስ ወይስ በክፍል አንድ አባልነት ይያዝ የሚለው ላይ ኮሚቴው ገና አልተስማማም፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል።